ባቡሩ ምን ጫነ?



የዛሬው ንግግራችን ስለ ባቡር ነው። ተናጋሪው ግን በዲጋ ያደገ ሰው ስለ ሆነ፥ ወለጋን የሚያውቁ ሁሉ ገና ከመጀመሪያው ፈገግ ማለታቸው አይቀርም። ዲጋ ከነቀምት በስተ ምዕራብ፥ ወደ ደዴሳ ወንዝ ከዚያም ወደ ጊምቢ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ትገኛለች። ቡና አላት፥ በቆሎ አላት፥ ማንጎም አላት፤ ሐዲድ ግን የላትም። የባቡር ፉጨት በደዴሳ ሸለቆ ውስጥ ተሰምቶ አያውቅም። እንግዲህ ባቡር በሌለበት አገር ያደገ ሰው ስለ ባቡር፥ ያውም በጠረጴዛ ላይ ስለሚሠራ ትንሽ ባቡር ሊናገር የተነሣበትን ምክንያት አስቀድሞ መግለጽ ይገባዋል።

በልጅነታችን የምንሠራው ባቡር የሰርዲን ጣሳ ነበር። ጣሳዎቹን በሲባጎ አቀጣጥለን፥ የቆርኪ ጎማ አበጅተንላቸው በመንገዱ አቧራ ላይ እንጎትታቸው ነበር። እውነተኛውን ባቡር ያየሁት ትምህርቴን ጨርሼ ወደ አዲስ አበባ በመጣሁ ጊዜ ነው። ያን ጊዜ አሮጌው የጅቡቲ መስመር ሥራውን ሊያቆም ተቃርቦ ስለ ነበረ፥ ያየሁት በእርጅና የደከመውን ባቡር ነው። የሆነ ሆኖ ፍቅሩ አልለቀቀኝም። ደመወዝ ማግኘት ከጀመርሁ በኋላ ከውጭ አገር ከተመለሰ አንድ ሰው ትንሽ ሎኮሞቲቭና አራት ፉርጎዎች ገዝቼ፥ በቤቴ ጠረጴዛ ላይ ክብ ሐዲድ ዘረጋሁ። ተራራውን ከጋዜጣ ወረቀትና ከጀሶ ሠራሁት፤ ዋሻም አበጀሁለት፤ ዛፍም ተከልሁበት። ባቡሩም በተራራው ዙሪያ እየዞረ ይሄድ ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን በሠፈራችን የሚኖሩ፥ ዕድሜያቸውን በምድር ባቡር ሥራ የፈጸሙ አንድ ጡረተኛ ሽማግሌ ቡና ሊጠጡ መጥተው ይህንኑ ሥራዬን አሳየኋቸው። ምስጋና ስጠብቅ፥ ባቡሩ ሦስት ጊዜ እስኪዞር ድረስ ዝም ብለው ተመለከቱና፥

«ልጄ፥ ይህ ባቡር ምን ጫነ?» አሉኝ።

«ምንም አልጫነም፥ ጋሼ» አልኋቸው።

«ወዴትስ ይሄዳል?»

መልስ አጣሁ። ሽማግሌው ስኒያቸውን አስቀምጠው ሳቁ። «ጭነቱ ሳይታወቅ ሐዲድ ዘረጋህ። እኛ እንዲህ አድርገን ሠርተን ቢሆን ኖሮ የወር ደመወዛችንን ማን ይከፍለን ነበር?» አሉኝ።

ክቡር አንባቢ ሆይ፥ ይህ ጥያቄ ብዙ ሌሊት እንቅልፍ ከልክሎኛል። የባቡር ታሪክ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚነገረው ስለ ሎኮሞቲቩ ኃይል፥ ስለ ድልድዩ ከፍታ፥ ጣቢያውን መርቀው ስለ ከፈቱት መኳንንት ነው። ሐዲዱን በሕይወት የሚያኖሩት ግን በዳሩ የቆሙት መጋዘኖች፥ ፋብሪካዎችና የጉምሩክ ግቢዎች ናቸው። ከዋናው መስመር ተገንጥሎ ወደ አንድ ፋብሪካ በር የሚገባ የጎን ሐዲድ ለዓይን የሚያምር ነገር የለውም፤ ሣር የበቀለበት፥ ዘይት የፈሰሰበት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ባቡሩ እንጀራውን የሚያገኘው ከዚያ ነው። ስለዚህ ባቡርን አሳንሶ ሊሠራ የሚነሣ ሰው፥ በእኔ አስተያየት፥ ሥራውን መጀመር የሚገባው ከመጋዘኑ በር ነው።

አምሳያ ባቡር የልጆች መጫወቻ ሆኖ የጀመረ ነው። በጀርመን አገር በጎፒንገን ከተማ የሚገኘው የሜርክሊን ኩባንያ፥ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1891 በላይፕሲክ የንግድ ትርዒት ላይ ሐዲዱ በተወሰነ ልክ የተሠራ፥ ገዢው ቀስ በቀስ እየገዛ ሊያስረዝመው የሚችል ባቡር አቀረበ። ይህም ዳግማዊ ምኒልክ ለእኛው ባቡር ፈቃድ ከመስጠታቸው ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ የሆነ ነገር ነው። እንግዲህ የጠረጴዛው ባቡርና የጅቡቲው ባቡር እኩዮች ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ከልጆች እጅ ወጥቶ የጎልማሶች ሙያ ሆነ። ዛሬ በብዙ አገር የተለመደው ልክ እውነተኛውን ዕቃ 87 ጊዜ አሳንሶ መሥራት ነው። ፍራንክ ኤሊሰን የሚባል አሜሪካዊ፥ በቴአትር ቤት የሠራ ሰው፥ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1940ዎቹ ውስጥ በጻፋቸው ጽሑፎች ይህን ሥራ ከመድረክ ጋር አስተያይቶት ነበር። እርሱ እንደሚለው ባቡሮቹ ተዋንያን ናቸው፤ የጉዞው ሰዓት ሰሌዳ ደግሞ ድርሰቱ ነው። የእኛ ሽማግሌ ስለ ኤሊሰን ሰምተው አያውቁም፤ ዳሩ ግን የእኔ ባቡር ድርሰት የሌለው ተዋናይ መሆኑን በአንድ ስኒ ቡና ጊዜ ውስጥ ተረዱት።

አሁን ወደ አገራችን መስመር እንመለስ። በዚህ ንግግር ውስጥ ሌላ አቆጣጠር ካልተጠቀሰ በቀር ዓመታቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

በ1886 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የ99 ዓመት ፈቃድ ሲሰጡ፥ የታሰበው መስመር ሦስት ክፍል ነበረው። የመጀመሪያው ከጅቡቲ እስከ ሐረር፥ ሁለተኛው ከሐረር እስከ እንጦጦ፥ ሦስተኛውም ከእንጦጦ ወደ ከፋና ወደ ነጭ አባይ የሚሄድ ነበር። አንባቢ ሆይ፥ ይህን ሦስተኛውን ክፍል በልብዎ ያኑሩልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ። ሐዲዱን ወደ ሐረር ተራራ ማውጣቱ እጅግ አድካሚና ገንዘብ ፈጅ ሆኖ ስለ ተገኘ መስመሩ ከተራራው ሥር በሜዳው እንዲያልፍ ተደረገ። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ የደረሰበት ያ ሜዳ ዛሬ ድሬዳዋ የምንላት ከተማ ናት፤ በመጀመሪያም አዲስ ሐረር ተብላ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጀመሪያው ኩባንያ ከሠረ፤ ሌላ ኩባንያ ተተካ፤ ክርክሩም ብዙ ነበር። ያን ሁሉ ለመዘርዘር ሌላ ንግግር ያስፈልጋል። ሐዲዱ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ዛሬም ለገሃር እያልን በፈረንሳይኛ ስም የምንጠራው ታላቁ የጣቢያ ሕንጻ የተመረቀው ከዚያ በኋላ በ1922 ዓ.ም. ነው። የመስመሩ ርዝመት 784 ኪሎ ሜትር ያህል፥ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት አንድ ሜትር ነበር። ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር ወደሚበልጥ ከፍታ ይወጣ ነበርና፥ ይህን መንገድ ባዶውን የሚወጣ ፉርጎ ለባለቤቱ ምን ያህል ኪሣራ እንደ ሆነ ሒሳብ የሚያውቅ ሰው ይገምተው።

ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት። ሐዲዱ ባይቆምባት ኖሮ እንደ ከተማ ባልተወለደች ነበር። ስለዚህም ለአምሳያ ሠሪ ከእርስዋ የተሻለ ትምህርት ቤት በአገራችን አይገኝም። በመጀመሪያ የባቡሩ የራሱ ወርክሾፕ አለ። ይህ ወርክሾፕ ባቡርን የሚጠግን ብቻ ሳይሆን፥ እርሱ ራሱ የባቡር ደንበኛ ነበር፤ ብረት፥ ዘይትና መለዋወጫ በባቡር ይመጣለት ነበር፤ የታደሰው መንኰራኵርም በባቡር ይወጣለት ነበር። ብዙ ጀማሪዎች ይህን ይረሱታል።

ቀጥሎ የሲሚንቶ ፋብሪካው አለ። ይህ በጣልያን ወረራ ዘመን የተቋቋመ፥ ለአገሪቱም የመጀመሪያው የሲሚንቶ ፋብሪካ ነው። አንባቢው ጥቂት ይታገሠኝና ስለዚህ ፋብሪካ ዘርዘር አድርጌ ልናገር፤ ምክንያቱም የነገሩ ምሥጢር ሁሉ እዚህ አለ። አንድ ቶን ሲሚንቶ ለማግኘት አንድ ቶን ተኩል ገደማ የኖራ ድንጋይ ያስፈልጋል። ድንጋዩ በታላቅ ምድጃ ውስጥ ሲቃጠል ከክብደቱ ጥቂት የማይባለው ክፍል በአየር መልክ ይጠፋል። እንግዲህ ድንጋዩን በባቡር ሩቅ አገር አጓጉዞ እዚያ ማቃጠል፥ የሚጠፋውን አየር የኪራይ ዋጋ ከፍሎ እንደ ማጓጓዝ ይቆጠራል። ስለዚህም የሲሚንቶ ፋብሪካ ድንጋዩ ካለበት አጠገብ ይተከላል፤ ባቡሩ የሚጭነው ያለቀውን ሲሚንቶ ነው። ወደ ፋብሪካው የሚመጣው ግን ሌላ ነው፤ ነዳጅ፥ ባዶ ከረጢት፥ የማሽን ዕቃ ነው። ነዳጁ የሚመጣው በበርሜል መልክ በተሠራ ፉርጎ ነው፤ ከረጢቱ ክዳን ባለው ፉርጎ፥ ማሽኑ ደግሞ ጎንና ጣራ በሌለው ጠፍጣፋ ፉርጎ ይመጣል። ከአንድ ፋብሪካ በር ላይ ብቻ ሦስት ዓይነት ፉርጎ አገኘን ማለት ነው። የእኔ ጠረጴዛ ላይ ያሉት አራቱ ፉርጎዎች ግን ሁሉም አንድ ዓይነት ነበሩ።

የድሬዳዋ የጥጥ ፋብሪካም እንዲሁ ነበር። የታሰረ ጥጥ ይገባ ነበር፤ ጣቃ ጨርቅ ይወጣ ነበር። ጥጡ ቀላል ሆኖ ቦታ ይይዛል፤ ጨርቁ ተጠቅልሎ ሲታሰር ጥቂት ቦታ ይበቃዋል። ስለዚህ የሚገቡት ፉርጎዎች ከሚወጡት ይበዛሉ፤ ትርፎቹ ባዶ ፉርጎዎች አንድ ቦታ ቆመው ሌላ ጭነት መጠበቅ አለባቸው። ባዶ ፉርጎ ያለ ሥራ የሚቆምበትን ሐዲድ የማይሠራ አምሳያ ሠሪ፥ የመሥሪያ ቤት ቢሮ ሠርቶ መዝገብ ቤቱን እንደ ረሳ ሰው ነው።

ወደ መሐል አገር ስንመጣ ስኳር አለ። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በሆላንዶች ኩባንያ ተቋቁሞ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ ከናዝሬት፥ ዛሬ አዳማ ከምንላት ከተማ አጠገብ ነው። የመተሐራው በ1960ዎቹ መጀመሪያ ተከተለ፤ አሮጌው ሐዲድም በመተሐራ፥ በበሰቃ ሐይቅ ዳር ያልፍ ነበር። ስኳር ፋብሪካ ለአምሳያ ሠሪ አንድ አስገራሚ ነገር ያስተምረዋል፤ ይኸውም የፋብሪካው ዋና ማገዶ ከተጨመቀው አገዳ የቀረው ገለባ ስለ ሆነ፥ እንደ ሲሚንቶ ፋብሪካው ያለ ብዙ ነዳጅ አይፈልግም። እንግዲህ በስኳር ፋብሪካ በር ላይ የነዳጅ ፉርጎ ሰልፍ ያቆመ ሰው፥ ሥራውን ለሚያውቅ ተመልካች ስሕተቱ ወዲያው ይታይበታል።

ይህን መስመር ብዙ ነገር ጎድቶታል። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በሶማሊያ ወረራ ጊዜ ድልድዮች ፈርሰው ባቡሩ ተቋርጦ ነበር። ወደ አሰብ ወደብ የሚሄደው የመኪና መንገድም ጭነቱን ተሻማው። በመጨረሻም በ2000 ዓ.ም. ገደማ ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ የሚሄደው የአሮጌው ባቡር ጉዞ ቆመ። በ2009 ዓ.ም. አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ተመረቀ፤ በ2010 ዓ.ም. ደግሞ መደበኛ ሥራውን ጀመረ። ይህኛው ከሰበታ ተነሥቶ ወደ ጅቡቲ የሚሄድ፥ ሐዲዱም ከቀድሞው የሰፋ ነው። በኮንቴይነር የተሞላ ቡና ወደ ባሕር ያወርዳል፤ ማዳበሪያና ስንዴ ያመጣል፤ በሞጆ ደረቅ ወደብም ያራግፋል። እዚህም ላይ ያው የሽማግሌው ጥያቄ ይነሣል፤ ወደ አገር የሚገባው ጭነት ከሚወጣው እጅግ ስለሚበልጥ ወደ ጅቡቲ የሚወርዱት ፉርጎዎች ብዙዎቹ ባዷቸውን ናቸውና።

አሁን ወለጋን እንጠይቅ። ወለጋ ከባቡር ጋር ምን አገናኛት?

ያገናኛት ቡናዋ ነው። በዓለም ገበያ ላይ ለቀምቲ ተብሎ የሚሸጠው ቡና ስሙን ያገኘው ከነቀምት ነው። በለንደንም ሆነ በሐምቡርግ ያለ የቡና ነጋዴ የነቀምትን ስም የሚያውቀው በጆንያ ላይ አንብቦት ነው። ይህ ቡና በመጀመሪያ በበቅሎ፥ ኋላም በመኪና 330 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዲስ አበባ ይደርሳል፤ በዚያም በመጋዘን ውስጥ ሴቶች ፍሬ በፍሬ ለቅመው ካበጠሩት በኋላ ወደ ባሕር ይወርዳል። በአሮጌው መስመር ዘመን ከዚህ ቡና ከፊሉ የወረደው በባቡር ነው። እንግዲህ ዲጋ ሐዲድ አይታ ባታውቅም፥ ለሐዲዱ ጭነት ስትሰጥ ኖራለች። በልጅነቴ ጣሳ ስጎትትበት በነበረው መንገድ ላይ አቧራ እያስነሡ የሚያልፉት የቡና መኪናዎች ወደ ባቡሩ ጭነት ይወስዱ እንደ ነበር ያን ጊዜ ማን በነገረኝ!

የምዕራቡ ወለጋ ቡና ደግሞ ሌላም መውጫ ነበረው። በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተደረገው ውል መሠረት በባሮ ወንዝ ዳር በጋምቤላ የንግድ ጣቢያ ተከፍቶ፥ በክረምት ውሃው ሲሞላ የእንፋሎት መርከቦች ከካርቱም እየመጡ ቡና ይጭኑ ነበር፤ ውሃው ሲጎድል ግን ሥራው ይቆማል። ጣቢያው ወደ ኢትዮጵያ የተመለሰው ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነጻ ከወጣች በኋላ ነው። የሚያስደንቀው በዚሁ በ1894ቱ ውል ውስጥ፥ ሱዳንን ከኡጋንዳ የሚያገናኝ ሐዲድ በኢትዮጵያ ምድር በኩል ለማሳለፍ ለእንግሊዝ ፈቃድ ተሰጥቶ የነበረ መሆኑ ነው። ያም ሐዲድ አልተዘረጋም። ምዕራብ ኢትዮጵያ በወረቀት ላይ ብዙ ባቡር ያለፈባት አገር ናት።

አንድ ወዳጄ፥ የሒሳብ ሹም የሆነ ሰው፥ «ወለጋ ፕላቲንና ወርቅ እያላት እንዴት ባቡር ሳይመጣላት ቀረ?» ብሎ ሞግቶኝ ነበር። በእርግጥ በምዕራብ ወለጋ በዩብዶ ፕላቲን ሲወጣ ኖሯል፤ ነገር ግን ባቡር የሚኖረው በዕቃው ዋጋ ሳይሆን በዕቃው ክብደት ነው። የዓመት ሙሉ ፕላቲን በጥቂት ሣጥን ተደርጎ በአንድ መኪና ሊሄድ ይችላል። ባቡር የሚፈልገው ርካሽና ከባድ፥ በየቀኑም የማይቋረጥ ነገር ነው፤ ሲሚንቶ፥ እህል፥ ማዳበሪያ፥ ነዳጅ። ቡናም እንኳ በዚህ ሚዛን መካከለኛ ነው። ይህን በቁጥር ልመልከተው። 20 ቶን የሚጭን አንድ ፉርጎ ቢኖረን፥ 60 ኪሎ የሚመዝኑ 333 የቡና ጆንያዎች ይይዛል። 20 ቶን ማለት 200 ኩንታል ስለ ሆነ፥ 50 ኩንታል የሚጭኑ አራት መኪናዎች ከነቀምት ካልመጡ ያ ፉርጎ አይሞላም። አሥር ፉርጎ ለሚጎትት ባቡር 40 መኪና ያስፈልጋል ማለት ነው። የሒሳብ ሹሙ ወዳጄ ይህን በወረቀት ካሰላ በኋላ ስለ ፕላቲኑ ዳግመኛ አላነሣብኝም።

ምናልባት ከአንባቢዎች መካከል ይህን ሥራ ሊሞክር የሚወድ ይኖር ይሆናልና፥ እኔ ክቡን ሐዲድ አፍርሼ የሠራሁትን ልንገርዎ።

አሮጌውን መስመር ሙሉውን በ87 አሳንሶ መሥራት የሚቻል አይደለም። 784 ኪሎ ሜትር ለ87 ሲካፈል ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ይህም ከነቀምት ወጥተን በዲጋ መንገድ ላይ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ሙሉ ጠረጴዛ እንደ መደርደር ነው። አንድ መቶ ሜትር የሚረዝም መጋዘን እንኳ ወደ አንድ ሜትር ከ15 ሳንቲ ሜትር ይጠጋልና የደመወዝተኛ ቤት አይችለውም። ስለዚህ መምረጥ ግድ ነው። መጋዘኑን ከነርዝመቱ ከማቆም በሩን፥ መጫኛ ደረጃውንና የጣራውን ክፈፍ በትክክል ሠርቶ ርዝመቱን ማሳጠር ይሻላል። የአንድ ሜትር ስፋት ያለው ሐዲድ በዚህ ልክ 12 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ በዚህ ስፋት የተሠራ ሐዲድ በአውሮፓ ይሸጣል፤ ዋጋው ግን ለእኛ ቀላል አይደለም። የቀረውን ሁሉ በቤት ማዘጋጀት ይቻላል። ካርቶን፥ ቀርከሃና ጀሶ በቂ ናቸው። የቡና ጆንያው በዚህ ልክ ከአተር ፍሬ ጥቂት ብቻ የሚበልጥ ስለ ሆነ፥ እኔ ከአሮጌ ጨርቅ እየቆረጥሁ ጥጥ ሞልቼ ሰፋሁት። ባለቤቴ ሥራው ከልብስ ስፌት ይልቅ ዓይን እንደሚያደክም ትመሰክራለች፤ ከግማሽ የሚበልጠውን የሰፋችው እርስዋ ናትና።

የሐዲዱን አቀማመጥ በተመለከተ፥ አለን ራይት የሚባል እንግሊዛዊ ኢንግልኑክ ብሎ የሰየመው ዘዴ አለ፤ ሐሳቡንም ያገኘው በሰሜን እንግሊዝ ከነበረ አንድ ትንሽ የገጠር ጣቢያ ነው። የሚፈልገው ሦስት የጎን ሐዲዶችን ብቻ ነው። አንደኛው አምስት ፉርጎ ይይዛል፤ ሁለቱ ደግሞ ሦስት ሦስት ይይዛሉ። ስምንት ፉርጎዎች በሦስቱ ላይ ይቆማሉ። ተጫዋቹ አምስቱን በዕጣ ያወጣና ዕጣው በሰጠው ቅደም ተከተል አሰልፎ ባቡሩን ማዘጋጀት አለበት። ይህ ሲታይ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ከስምንት ፉርጎዎች አምስቱን በቅደም ተከተል ለማሰለፍ 6,720 ልዩ ልዩ መንገድ ስላለ፥ አንዱ ጨዋታ ከሌላው አይመሳሰልም። ስፍራውም ጥቂት ነው፤ አንድ ሜትር ተኩል በ30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጣውላ ይበቃዋል።

እኔ ለሦስቱ ሐዲዶች ሦስት በር ሰጠኋቸው። አንዱ የቡና መጋዘን ነው። ሁለተኛው ከድሬዳዋ የመጣ ሲሚንቶ የሚራገፍበት ነው። ሦስተኛው የነዳጅ ማከማቻ ነው። ይህን ካደረግሁ በኋላ ባቡሩ መዞሩን ተወ። በአንድ ምሽት ውስጥ ሁለት ሜትር እንኳ አይጓዝም፤ ወደ ኋላ ይላል፥ ወደ ፊት ይላል፥ ፉርጎ ይለቃል፥ ሌላ ይይዛል። ልጆቼ በመጀመሪያ ሰለቹ፤ ኋላ ግን የቡናው ፉርጎ ሳይሞላ ባቡሩ እንዳይነሣ የሚከራከሩት እነርሱ ሆኑ።

ሽማግሌውን ዳግመኛ ጠራኋቸው። በዚህ ጊዜ ስኒያቸው እስኪቀዘቅዝ ድረስ ጠረጴዛው አጠገብ ቆሙ። በለገሃር ግቢ ውስጥ የትኛው ሐዲድ የት እንደ ነበረ፥ የሲሚንቶው ፉርጎ በየትኛው በኩል ይገፋ እንደ ነበረ፥ ጫኝና አውራጆቹ በምን ሰዓት ይገቡ እንደ ነበረ በጣታቸው በጣውላው ላይ እያሳዩ ነገሩኝ። እኔም በወረቀት ላይ ጻፍሁ። በከተማው ውስጥ በአያሌ ሥፍራ አሮጌው ሐዲድ ተነሥቷልና፥ እርሳቸው የነገሩኝን ዛሬ በእግር ሄዶ ማየት አይቻልም። እንዲህ ያለውን ነገር የሚያውቁ ጡረተኞች በአዲስ አበባም በድሬዳዋም አሉ፤ ቍጥራቸው ግን በየዓመቱ ይቀንሳል። የባቡሩ ፎቶግራፍ ብዙ ነው፤ የቡናው ጆንያ ከመኪና ወርዶ በየት በር ገብቶ ወደ ፉርጎ እንዴት እንደሚወጣ ግን ፎቶግራፍ ያነሣው ሰው ጥቂት ነው።

በዚያ ቀን ከሽማግሌው ጋር የተከራከርንበት አንድ ነገር አለ። እኔ ሁለተኛ ጣውላ ጨምሬ በላዩ «ዲጋ» የሚል የባቡር ጣቢያ ልሠራ አስቤ ነበር። ቀድሞ በልብዎ እንዲያኖሩት የለመንሁዎት የ1886ቱ ሦስተኛ ክፍል እዚህ ላይ ያስፈልገናል። ያ መስመር ወደ ነጭ አባይ ይሄድ ዘንድ በውል የተጻፈ ነው። ከመቶ ከሚበልጡ ዓመታት በኋላም፥ በ2003 ዓ.ም. አካባቢ በወጣው የአገር አቀፍ የባቡር መረብ ዕቅድ ውስጥ፥ ከኢጃጂ ተነሥቶ በነቀምት በኩል ወደ አሶሳና ወደ ኩርሙክ የሚሄድ መስመር ተካቶ ነበር። ያም ቢሆን እስከ አሁን አልተሠራም። እንግዲህ በጠረጴዛ ላይ ብሠራው ሐሰት ነውን?

ሽማግሌው «ያልነበረ ጣቢያ መሥራት ልጆችን ማሳሳት ነው» አሉ። እኔ ደግሞ «ያልነበረ መሆኑ በግልጽ ከተጻፈበት ማሳሳት አይሆንም፤ ዕቅድ ነው» አልሁ። እስከ አሁንም አልተስማማንም። ሆኖም አንድ ጥያቄ ጠይቀውኝ ሄዱ፤ ጥያቄውንም አንባቢው አስቀድሞ ያውቀዋል።

ከዲጋ ምን ይጫናል? ይህን ለመመለስ ወረቀት አውጥቼ ጻፍሁ። በቆሎ አለ፤ የምሥራቅ ወለጋ በቆሎ ከባድና ብዙ ነው፤ ለባቡር የሚስማማ ነው። ቡና አለ። ከሰሜን በኩል የፊንጫ ስኳር፥ ከደቡብ በኩል ደግሞ የአርጆ ደዴሳ ስኳር አለ። በጊምቢ አጠገብ በቢቂላል የብረት ማዕድን መኖሩ ይታወቃል፤ በማዕድን ላይ ግን ገና ያልተቆፈረውን እንደ ጭነት መቁጠር የሒሳብ ሹሙን ወዳጄን ስለሚያስቆጣ ሰረዝሁት። ወደ አገር የሚገባው ደግሞ ማዳበሪያ፥ ሲሚንቶና ነዳጅ ነው። ይህ ሁሉ ሲደመር መውጫውና መግቢያው እንደ ሌላው መስመር ያን ያህል የተራራቀ ሆኖ አላገኘሁትም፤ በቆሎ ይዞ የወጣ ፉርጎ ማዳበሪያ ይዞ ሊመለስ ይችላልና። ክረምቱ መግቢያ ላይ ማዳበሪያው፥ ከመኸር በኋላ በቆሎው እየተፈራረቁ ሲሄዱ፥ ለጠረጴዛው ባቡር የዓመት ሙሉ ሰሌዳ ይወጣላቸዋል። ስለዚህ ጣቢያውን ሠራሁት፤ በሰሌዳውም ላይ «ያልተሠራ መስመር» ብዬ በጉልህ ጻፍሁበት።

ባለፈው እሑድ ሽማግሌው መጥተው ሰሌዳውን አነበቡና ምንም አልተናገሩም። ከዚያ ይልቅ ወደ አሮጌው ጣውላ፥ ወደ ቡናው መጋዘን ዘወር አሉ። ከነቀምት የመጣውን የካርቶን መኪና አፍንጫውን ወደ በሩ አዙሬ አቁሜው ነበር። በሁለት ጣታቸው አንሥተው አዞሩትና፥ የጭነቱ ጀርባ ከመጋዘኑ ደረጃ ጋር እንዲገጥም አድርገው አስቀመጡት።